ጧት ጧት የሚያንኳኳው ፒክአፕ

ሟቹን መጀመሪያ ያገኘው ሸሪኩ ነው። ለፖሊስ እንደተናገረው ጋራዡን ለመክፈት ማልዶ መጣ፤ የብረት በሩን ገፍቶ መብራቱን ሲያበራ፣ ሰማያዊው ፒክአፕ ከቆመበት የጥገና ጉድጓድ ውስጥ አንድ ጫማ አየ። ጫማው ባዶ አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ የደረሰው ፎቶ አንሺው ሥራውን ሊጨርስ ሲል ነው። ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር ቢኖር የአውቶቡስ ፌርማታ የት የት እንዳለ ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ የለውም፣ አማረኝም ብሎ አያውቅም። እጆቹን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ጋራዡን ዞረው። መፍቻዎቹ በየመጠናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ወለሉ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ጥግ ላይ አንዲት ዝቅ ያለች በርጩማ አለች፣ አጠገቧ ደግሞ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ካቻቪቴ።

"ይሄ ጨርቁ ለምንድነው?" አለ።

"የእሱ ነው" አለ ሸሪኩ። ጠና ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ለመካኒክ እጆቹ በጣም የጠሩ ሰው ነው። "ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጥበታል። ሰው ሁሉ 'ጆሮው' እያለ የሚጠራው ለዚህ ነው። በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ነበረች።"

"መኪናው ከላዩ ይነሳና ሬሳው ይውጣ" አለ ኢንስፔክተሩ።

ሳጅኑ ከፒክአፑ ኮፈን ላይ እያዘነ ተነሳ። ብርድ ለእሱ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ እንኳ ሹራቡን አያወልቅም። ከደረሱ ጀምሮ እጆቹን አጣጥፎ ኮፈኑ ላይ ተለጥፎ ነበር። ቁልፉን ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር አወረደና ገባ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ድምፁ ዝግ ያለና እኩል ነበር። ኢንስፔክተሩ አጠገቡ ቆሞ ሰማው፣ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ሐኪሙ ሬሳውን ከመረመረ በኋላ ብዙ አላወራም። "ከኋላ ራሱን ተመቷል፣ ወይ ወድቆ ከባድ ነገር መትቶታል። ቁስሉ የማታ ነው። ነፍሱ የወጣችው ግን ጎሕ ሲቀድ ነው።"

"ሌሊቱን ሙሉ በሕይወት ነበር?"

"ራሱን ስቶ። ደሙ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የገደለው። ለማየት የሞተ ነው የሚመስለው። በጊዜ ሆስፒታል ቢያደርሱት ኖሮ ምናልባት…" ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ። "ሌላው ደግሞ ኮቱ ጀርባ ላይ ጭድ አለ።"

ጋራዥ ውስጥ ጭድ አልነበረም። ቱታውን አውልቆ ኮት የለበሰ ሰውም ሞተር ሊጠግን አልነበረም። ኢንስፔክተሩ እነዚህን ሁለት ነገሮች በልቡ ያዘ።

*

ተጠርጣሪ ለማግኘት ያን ያህል አልደከሙም። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድም፣ ባለታክሲው፣ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ሲጮህ መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። "አንድ ቀን እዚሁ ብረትህ መሃል ተጋድመህ ትገኛለህ!" ብሏል። ይህን ያለ ሰው በማግሥቱ ነገሩ እንዳለው ሲሆን ፖሊስ ምን እንደሚያስብ መናገር አያስፈልግም። በዚያው ቀን ታሰረ።

"ምን አጣላችሁ?" አለው ኢንስፔክተሩ።

"እህቴን ብቻዋን ያሳድራታል።" ወጣቱ ዐይኖቹ ቀልተዋል። "ድምፅ ያለበት መኪና በገባ ቁጥር ጋራዥ ያድራል። ሚስት ያለው ሰው ከሞተር ጋር ያድራል?"

"ከዚያስ የት ሄድክ?"

"ታክሲዬን አቁሜ በእግሬ ዞርኩ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።"

"ማን አየህ?"

"ማን ያየኛል? ወንደላጤ ነኝ።"

ሳጅኑ ከኋላ ሆኖ ተነፈሰ። ወንደላጤነት በሕግ እንደ መከላከያ ቢቆጠር ኖሮ እሱም ከብዙ ነገር ያመልጥ ነበር።

ከቀብር መልስ ኢንስፔክተሩ ሟቹ ቤት ሄደ። ሚስትየዋ ጥቁር ለብሳ፣ ያልተነካ ሻይ ፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ እንባዋ ያለቀ ነው የሚመስለው።

"ባለቤትዎ ለምንድነው ጋራዥ የሚያድሩት?"

"ሞተር አድሮ፣ በርዶ፣ መጀመሪያ ሲነሳ የሚያሰማውን ካልሰማሁ በሽታውን አላውቀውም ይላል። እሱ ሳይሰማው ሌላ ሰው ቁልፍ ከነካ ያ ቀን ከሰረ። መኪናው ድጋሚ ማደር አለበት።" ትንሽ ፈገግ ልትል ሞከረች። "ጧት ከእኔ በፊት የሚያናግረው ሞተሩን ነው እያልኩ እስቅበት ነበር።"

"ወንድምዎ ግን አልሳቀም።"

"የወንድሜ አፉ እንጂ እጁ ክፉ አይደለም።" ቀና ብላ አየችው። "ባሌን ቀብሬ መምጣቴ ነው። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እሱን በቁሙ አትቅበሩብኝ።"

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ። አለቃው መዝገቡ ሳምንቱ ሳያልቅ ለዐቃቤ ሕግ እንዲሄድ አዟል፤ እንዳለም ቢሄድ ወጣቱን ለማስፈረድ የሚበቃ ነበር። ሻዩ ቀዝቅዟል ብሎ ተነሳ፤ ይህን ማለቱ በኋላ ራሱን አሳፈረው።

*

የሸሪኩ ቤት ከጋራዡ ቁልቁል ወርዶ፣ ሆስፒታሉን አልፎ፣ ከተማው ዳር ነው። ሰውየው እናቱን ይዞ ይኖራል። ግቢው መሃል የራሱ መኪና ጎማዎቿ ወልቀው በድንጋይ ተደግፋ ቆማለች። የሞተሯ ብሎክ፣ ከባዱ ብረት፣ ወርዶ አጠገቧ እንጨት ላይ ተቀምጧል።

"እንግዲህ እንደምታየው ነው" አለ ሸሪኩ። "የሰው መኪና እየጠገንኩ የራሴን ረሳኋት። በእግሬ ነው የምሄደው።"

"ያን ማታ?"

"እራት ሰዓት ገባሁ፣ አልወጣሁም። እናቴን ጠይቁ።"

እናትየው ሳይጠየቁ ጀመሩ። "አልወጣም ልጄ። እራቱንም አልበላ። እኔ በጊዜ ነው የምተኛው፤ ግን በነቃሁ ቁጥር የክፍሉ መብራት በርቷል። እንቅልፍ ነስቶት ነበር። የጓደኛው ነገር ቀድሞ ታይቶት ይሆናል። ደግሞ ንጹሕ ልጅ ነው፤ በዚያ ኀዘን መሃል እንኳ በማግሥቱ ግቢውን በሳሙና አጠበልኝ።"

"ጎበዝ ነው" አለ ሳጅኑ ከልቡ።

ሲመለሱ ዳገቱን በእግራቸው ወጡ። ሳጅኑ እያለከለከ ቆጠረ። "ታክሲ ነጂው ዝቷል፣ የት እንደነበር የሚመሰክርለት የለም። ሸሪኩ እናት አለው፣ መኪና የለውም። ይሄን ዳገት ሬሳ ተሸክሞ የሚወጣ ደግሞ በሬ ብቻ ነው። ምን ቀረን ጌታዬ?"

"ጭዱ" አለ ኢንስፔክተሩ።

*

የፒክአፑ ባለቤት የእንስሳት ሐኪም ናት። ሲደርሱ አንድ ቡናማ ውሻ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ጥርሱን ታየዋለች።

"መኪናዬን መቼ ነው የምትለቁልኝ?" አለች ቀና ሳትል። "ጥጃ በታክሲ አይጫንም።"

"ጭድ ይጭናሉ?"

"ጭዱን እኔ ነኝ የምጎዘጉዘው፤ እንስሳቱ እንዳይንሸራተቱ። ምነው?"

ሳጅኑና ኢንስፔክተሩ ተያዩ። "መኪናው ምን ሆኖ ነው ጋራዥ የገባው?"

"ያንኳኳል። እንዲህ…" የውሻውን አፍ ለቀቀችና በራሷ አፍ "ቋ! ቋ! ቋ! ቋ!" አለች። ውሻው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ከጠረጴዛው ሊወርድ ተነሳ። "ታዲያ ጧት ጧት ብቻ ነው። አድሮ ሲነሳ በመዶሻ የሚቀጠቅጡት ነው የሚመስለው፤ ጎረቤት ሁሉ ይረግመኛል። ሲሞቅ ድምፁ ጥፍት ይላል።"

"ለመካኒኮቹ ይህን ነግረዋቸዋል?"

"ለሸሪካቸው ያሳየሁት ቀን ላይ፣ ከሥራ መልስ ነበር። ነድቶት ሄደና ምንም የለውም አለኝ። እብድ ናት ብሎኝ ይሆናል። ጆሮው ግን 'እስቲ በአፍሽ አሰሚኝ' አሉኝ። አሰማኋቸው። ሳቁ። ድገሚው አሉኝ፣ ደገምኩት። 'ኢንጀክተር ነው፤ ናፍጣውን በደንብ አይረጭም' አሉ። 'መጨረሻ የነካው ማነው?' ሲሉኝ፣ 'ሸሪክዎ ነዋ፣ አዲስ ኢንጀክተር የገጠመልኝ እሱ ነው' አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አልሳቁም። 'ዛሬ ይደር። ነገ ነይ፣ እሱ ራሱ ይነግርሻል' አሉኝ።"

ውሻው ኢንስፔክተሩን በጥርጣሬ ያየዋል።

"ያን ጧት አላንኳኳም" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ሟቹ ጠግነውት ይሆናላ" አለ ሳጅኑ።

"ይሆናል። እናሳድረውና እንስማ።"

*

ፒክአፑ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ አደረ። ማለዳ ላይ ሳጅኑ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርቦ ገባና ቁልፉን አዞረ።

የሴትየዋ አፍ አልዋሸም። ጣቢያው ተናወጠ። እስረኞች በመስኮት ብቅ አሉ፣ አለቃው ከፎቅ "ምን ፈረሰ?" ብሎ ጮኸ። ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። ትንሽ ቆይቶ ኳኳታው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና ጠፋ። ሞተሩ ያን ጧት እንደሰሙት ዝግ ብሎ ይሠራ ጀመር።

"አልተጠገነም" አለ ሳጅኑ በመስኮቱ። "ታዲያ ያን ለታ ለምን ዝም አለ?"

"አንተ ንገረኝ። ያን ለታ ኮፈኑ ላይ ተለጥፈህ የቆምከው ለምን ነበር?"

"ብርድ ነበራ! ኮፈኑ ደግሞ ደስ የሚል ሙቀት…" ሳጅኑ አፉን ሳይዘጋ ቀረ።

"ሙቀት ነበረው።"

"አልጠየቁኝማ ጌታዬ።"

ኢንስፔክተሩ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን እሱም ድምፁን በጆሮው ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፉ ትዝ አለው። ሞተሩ ሞቆ ከነበረ ጎሕ ሳይቀድ ሰው ነድቶታል። ጭዱ ኮቱ ላይ ከነበረ ደግሞ ሟቹ ከኋላ ተጭኗል። ጋራዡ የተመታበት ቦታ አልነበረም፤ የተጣለበት እንጂ። መኪና የሌለው ሰውም ቁልፉ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ መኪና ካገኘ መኪና አለው ማለት ነው።

"ጋራዡን ግን ባለታክሲውም ያውቀዋል" አለ ሳጅኑ። "ቁልፉ የት እንደሚንጠለጠልም።"

እውነቱን ነው። ኢንስፔክተሩን የጨነቀውም ይኸው ነበር።

ከጋራዡ ፊት ለፊት ዳቦ ቤት አለ። ዳቦ ጋጋሪዋ ክንዳቸው ድረስ ዱቄት ለብሰው አነጋገሯቸው። ሰው በተኛበት የሚነሱ ናቸው፤ እስካሁን ግን የጠየቃቸው የለም።

"ሰምቻለሁ የኔ ልጅ። ዳገቱን እያቃሰተ መጥቶ ጋራዡ ገባ። ቆመ፣ ግን አልጠፋም። ቡር ቡር እያለ ቆየ። ዳቦውን ምድጃ ከትቼ ስመለስ ነው የጠፋው።"

"አልገረምዎትም?"

"ምኑ ይገርማል? እነሱ ቤት ሁሌም እንደዚያ ነው። ሌላ ሰው መኪናውን ያቆምና ያጠፋል። እነሱ ያቆሙና ጨዋታ ይይዛሉ።"

ኢንስፔክተሩ ከዳቦ ቤቱ ሲወጣ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ሊሄድ አንድ ቀን ቀርቶታል። "ሁለቱንም እናስነዳቸው" አለ።

*

ፒክአፑን ቁልቁል ወስደው ከሸሪኩ ቤት ወዲህ ካለው ሜዳ አቆሙት። መጀመሪያ ባለታክሲው ካቴናው ወልቆለት መሪ ያዘ። ሳጅኑ ከኋላ ሆኖ የመኪናውን በር እንደ ልጁ አንገት አንቆ ይዟል። ወጣቱ ዳገቱን እየዘለለ ወጣ፣ ጋራዡ ውስጥ ገባ፣ መኪናው ተንከባሎ ሳያበቃ ቁልፉን ነቀለና አንድ እግሩን አወጣ።

"ቶሎ አጠፋኸው" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ቆሞ ለሚነድ ናፍጣ የሚከፍለኝ ማነው?" አለ ወጣቱ። "አሁን ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ሳጅን፣ ገና ወደ ጣቢያ አትመልሰው። በሩ አጠገብ ቁሙ።"

ቀጥሎ ፒክአፑ ወደ ሜዳው ወርዶ ሸሪኩ ተጠራ። ኳኳታው ምን እንደሆነ እንዲያስረዳ ነው የተባለው። ሲነዳ መሪውን በሁለት ጣቶቹ ነው የሚይዘው፣ ማርሽ ሲቀይር አይሰማም። ኢንስፔክተሩ ከአጠገቡ ተቀምጦ ሆስፒታሉ በር በቀኝ ሲያልፍ አየ። ጋራዥ ገቡ። ሸሪኩ ፍሬኑን ሳበ፣ ማርሹን አወጣ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

ሞተሩ ቡር ቡር ይላል።

"ደርሰናል" አለ ኢንስፔክተሩ።

"አዎ።"

"አያጠፉትም?"

"ዳገት ወጥቶ ነው የመጣው። ቱርቦው ግሏል። ወዲያው ካጠፉት ዘይት ይቋረጥበትና ይቃጠላል። ትንሽ በሚኒሞ፣ ዝቅ ብሎ እየሠራ፣ ይረፍ።"

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ናፍጣ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው።"

"ያን ለታ ጎሕ ሳይቀድ ሲያሳርፉትም ዳቦ ጋጋሪዋ ሰምተዋል።"

ሸሪኩ አልደነገጠም። ወይም ድንጋጤው እንደ ሁሉ ነገሩ ድምፅ የለውም። በመስተዋቱ በሩ አጠገብ የቆመውን ባለታክሲ አየ፤ ከዚያ ጥግ ላይ ያለችውን በርጩማ።

"ሰው ከኋላ ጭነው ስለ ቱርቦ ያስባሉ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"አስቤ አይደለም። እጄ ነው ያደረገው።" እጆቹን አየ። "የሰው መኪና ነው።"

ከዚያ ሳይጠየቅ ተናገረ። አዲሱ ኢንጀክተር ከእጁ ወድቆ ተበላሸበት። አሮጌውን አጥቦ መልሶ ገጠመና የፒክአፑን ባለቤት አዲስ ነው አላት። እድሜውን ሙሉ እቃ ወድቆበት አያውቅም፤ ወደቀብኝ ማለት አቃተው። ያን ማታ ጆሮው ኮቱን ለብሶ ቤቱ መጣ። ግቢው ውስጥ ቆመው አወሩ።

"'እስከ ጧት ጊዜ አለህ' አለኝ። 'ራስህ ንገራት። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።' ያንን ነው ያልቻልኩት። አጠገቤ መቆሙን። በሰው ፊት ሁሌ 'እጅ አለህ፣ ጆሮ የለህም' ይለኛል። እየሳቀ ነው የሚለው። ገፋሁት። የገዛ መኪናዬ ብሎክ ላይ በጀርባው ወደቀና ራሱን መታው።"

ኢንስፔክተሩ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ለሳጅኑ ምልክት ሰጠ። ሳጅኑ ባለታክሲውን በሹክሹክታ አንድ ነገር አለው። ወጣቱ ትንሽ ቆሞ ፒክአፑን አየ፣ ከዚያ ወደ እህቱ ቤት በሚወስደው መንገድ ሮጠ።

"ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ቁጭ አልኩ" አለ ሸሪኩ። "ሊነጋጋ ሲል ጋራዥ ወጥቼ መኪናውን ሳላስነሳ ቁልቁል አንከባለልኩት፤ ታች ሜዳው ላይ አስነስቼ፣ እሱን ጭኜ መጣሁ።"

"ሆስፒታሉን አልፈው ነው የመጡት።"

"ሞቷላ! ሞቶ ምን ያደርግለታል?" ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። "እርግጠኛ ነበርኩ። እዚህ ስደርስም ከማውረዴ በፊት ደግሜ አረጋገጥኩ። ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩት፣ ቆይቼ አዳመጥኩት። ምንም የለም።"

"እዚህ? መኪናው ላይ እንዳለ?"

"አዎ።"

"ሞተሩን አጥፍተው ነበር?"

ሸሪኩ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ከፊታቸው ሞተሩ ቡር ቡር ይላል። ወለሉን፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን መፍቻዎች፣ የተቀመጡበትን ወንበር ሳይቀር በስሱ ያንቀጠቅጣል።

"እያረፈ ነበር" አለ።

ኢንስፔክተሩ የሐኪሙን ቃል እንዳለ ነገረው። ነፍሱ የወጣችው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሰውየው ያኔ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመረበትም።

ሸሪኩ የጠራ እጁን ዘርግቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጠፋ። ጋራዡ ጸጥ ሲል ኢንስፔክተሩ የራሱን የእጅ ሰዓት ሰማ፣ ማዶ ዳቦ ቤት ምድጃው ሲዘጋ ሰማ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ትንፋሽ ሲያጥረውም ሰማ።